ሳጥኑ ላይ 20 አውትፑት ይላል፤ ለ7.1.4 ግን ይበቃ ይሆን?

የሌሊት_ሚክሰር

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ስድስት ዓመት ሙሉ በሁለት ስፒከር ስሠራ ኖሬ አሁን አንድ ደንበኛ «አልበሙ በአትሞስም ይውጣልኝ» ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። አትሞስ የዶልቢ ዘዴ ነው፤ ድምፁን በዙሪያና ከላይ ባሉ ስፒከሮች ያከፋፍላል። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው እንግዲህ ማሰብ የጀመርኩት።

ክፍሌ ወርዱ 3.4 ሜትር፣ ርዝመቱ 4.2፣ ጣሪያው 2.6 ነው። ሰብዉፈር አለኝ። ሁለቱን የፊት ሞኒተሮቼን የሚመስሉ ዘጠኝ አክቲቭ ስፒከሮችም ተገኝተውልኛል። በድምሩ 12 መሆኑ ነው፤ ለ7.1.4 ልክ ይመጣል፦ ሰባት በዙሪያ፣ አንድ ሰብዉፈር፣ አራት ጣሪያ ላይ። ኢንተርፌሴ (ኮምፒውተሩን ከስፒከርና ከማይክ የሚያገናኘው ዕቃ) ሳጥኑ ላይ በትልቁ «18 ኢን / 20 አውት» ይላል። ከ20 ላይ 12 ብወስድ ስምንት ይተርፈኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች ሳያቸው ግን 20 አይመስሉም።

ይሄ ዕቃ ይበቃኛል ወይ? ካልበቃ ቁም ሳጥን ውስጥ የተኛ አሮጌ ኢንተርፌስ አለኝ፤ ሁለቱን ማጣመር እችላለሁ? የ12ቱንም ስፒከር ድምፅ በአንድ ኖብ ከፍና ዝቅ የማደርገውስ በምን ዘዴ ነው? «በሄድፎን ሥራው» የሚል መልስ ባትሰጡኝ ደስ ይለኛል።


ሽቦ_ጠምዛዥ

ወንድሜ፣ ሳጥኑን ተወውና ዕቃውን ገልብጠህ ቀዳዳውን በጣትህ ቁጠር። ሳጥን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ዲጂታሉን ከአናሎጉ ጋር ደምሮ ነው። «20 አውት» ከሚባሉት ብዙዎቹ ሲበተኑ 10 አናሎግ፣ 2 ኤስፒዲፍ የሚባል ዲጂታል፣ 8 ደግሞ በኦፕቲካል ገመድ የሚወጣ አዳት የሚባል ዲጂታል ናቸው። ስፒከር በቀጥታ የሚሰካው አናሎጉ ላይ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የሄድፎን ቀዳዳዎቹ የራሳቸው ቻናል ናቸው ወይስ የሌላ አውትፑት ግልባጭ? ግልባጭ ከሆኑ ሄድፎን ስትሰካ የምትሰማው ከኋላ ያሉትን ስፒከሮች ነው። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ስፒከሩን ሰቅሎ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ቆጥረህ ንገረን።


የሌሊት_ሚክሰር

ቆጠርኩ። 10 ናቸው። ሄድፎኖቹም የ7–8 እና የ9–10 ግልባጭ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ 12 ስፒከር፣ 10 ቀዳዳ። ሁለት ጎደለኝ ማለት ነው። (ደግሞ «ወንድሜ» አይደለሁም፣ እህትህ ነኝ።)

አሮጌውን ኢንተርፌስ ማክ ላይ «አግሪጌት ዲቫይስ» በሚለው መንገድ ላጣምረው አስቤያለሁ። ቪዲዮ ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ ቀላል ይመስላል።


ሞገድ_ቆጣሪ

እህቴ፣ እሱን መንገድ ባትሄጂበት እመርጣለሁ።

እያንዳንዱ ኢንተርፌስ ውስጥ የራሱ ክሎክ አለ፤ ሳምፕሎቹ፣ ማለትም ድምፁ የተከፋፈለባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ በምን ፍጥነት እንደሚወጡ የሚወስን ሰዓት ነው። ሁለቱም «48 ኪሎ ሄርዝ ነኝ» ይላሉ፤ እውነቱን ስትመረምሪው ግን አንዱ ከሌላው በጥቂት ይቀድማል። በየአሥር ሴኮንዱ አንድ ሳምፕል እንኳ ቢቀድም ከአንድ ዘፈን መጨረሻ ስትደርሺ ልዩነቱ ተጠራቅሟል። ማኩ «ድሪፍት ኮሬክሽን» በሚለው ምልክት ይሄን ያስተካክላል፣ የሚያስተካክለው ግን የአንዱን ድምፅ እያሳሳበ ነው። ለቀረጻ ምንም አይልም። ለስፒከር ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያለው መዘግየት ዛሬ አንድ ዓይነት ሆኖ ነገ ሴሽኑን (የሥራ ፋይልሽን) ስትከፍቺ ሌላ ሊሆን ይችላል። ድምፅ በአንድ ሚሊሴኮንድ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የጣሪያ ስፒከሮችሽ ማታ ማታ ግማሽ ሜትር እየተንቀሳቀሱ ሚክስ ማድረግ አትፈልጊም።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ። አሮጌው ዕቃ አዳት ኢን አለው? ከኮምፒውተር ሳይገናኝ ብቻውንስ ይሠራል? ሁለቱም መልስ አዎ ከሆነ ችግርሽ ተፈቷል። ከአዲሱ አዳት አውት ወደ አሮጌው አዳት ኢን አንድ ኦፕቲካል ገመድ ትዘረጊያለሽ፤ አሮጌው ኢንተርፌስ መሆኑ ይቀርና ተራ ዲጂታል-ወደ-አናሎግ መቀየሪያ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሚያየው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ክሎኩም አንድ ነው፣ አሮጌውን «ክሎክ ሶርስ፦ አዳት» ላይ አድርጊው እንጂ።

ይቺን የመጨረሻዋን አደራ። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ቲክ… ቲክ… የምትል ድምፅ ስፈልግ አንግቻለሁ። ገመድ ቀየርኩ፣ የፍሪጅ ሶኬት ነቀልኩ፣ የኮምፒውተሩን ዋይፋይ አጠፋሁ። ሊነጋ ሲል ነው ሁለቱም «ኢንተርናል» ላይ መሆናቸውን ያየሁት። ሁለት አለቃ ያለበት ቤት ሆኖ ነው።


ጆሮ_ዳባ

አትናገር ተብያለሁ፣ ግን ልናገር። አድማጩ ሁሉ በሄድፎን አይደለም እንዴ የሚሰማው? አፕል ሙዚክ ስፔሻል ኦዲዮን በ2021 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ጣሪያው ላይ አራት ስፒከር የሰቀለ አድማጭ ስንት ነበር? አንድ ጥሩ ሄድፎን፣ አንድ ባይኖራል ሬንደረር (የዙሪያውን ድምፅ ለሁለት ጆሮ የሚያሰላ ፕሮግራም)፣ በቃ። ግድግዳ መብሳት ምን አመጣው?


ሽቦ_ጠምዛዥ

@ጆሮ_ዳባ ስምህ ሥራህን ይናገራል።

ነገርህ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ያስቸግራል። ባይኖራል የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። የዶልቢ ሬንደረር ውስጥ ለየኦብጀክቱ (የራሱ ቦታ ለሚሰጠው ድምፅ ሁሉ) «ኒር፣ ሚድ፣ ፋር፣ ኦፍ» እያልክ ርቀት ትመርጣለህ፤ አፕል ሙዚክ ግን የራሱን ሬንደረር ስለሚጠቀም እነዚያን ምርጫዎችህን አያያቸውም። ስለዚህ በሄድፎን «አለቀ» ያልከው ሚክስ በሌላ መተግበሪያ ሌላ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ የሬንደረሩ ሒሳብ የአንተን ጭንቅላትና የአንተን ጆሮ ቅርጽ አያውቅም። አንዱ ሰው ከፊቱ የሚሰማውን ሌላው ግንባሩ ላይ ይሰማዋል። በስፒከር ከሆነ ከጀርባ ያለ ድምፅ ለሁሉም ከጀርባ ነው።

በሄድፎን መፈተሽማ ግድ ነው። ግን ፈተናና ሥራ ይለያያሉ።

@የሌሊት_ሚክሰር ሄድፎኑን ከአሮጌው ዕቃ አውጪው። በአዳት 7–8 ላይ ባይኖራሉን ብትልኪ የአሮጌው ሄድፎን ቀዳዳ ሥራ አገኘ።


የሌሊት_ሚክሰር

ጋሼ ሞገድ፣ አዳት ኢን አለው! ከኮምፒውተር ነቅዬ ሞከርኩት፣ ብቻውን ይሠራል። ክሎኩን አዳት ላይ ሳደርገው ቀይ ይብለጨለጭ የነበረው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀጥሎ የቮሊዩሙ ነገር። የፊት ለፊቱ ትልቁ ኖብ የሚቆጣጠረው 1–2ን ብቻ ነው።


ባለ_ሜትር

ሦስት መንገድ አለ፤ እኔ በሦስቱም ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያው የኢንተርፌሱ ሚክሰር ሶፍትዌር ነው። አንዳንዶቹ የፈለግሻቸውን አውትፑቶች በአንድ ቡድን አስረሽ ትልቁን ኖብ ለሁሉም እንድትሰጪው ይፈቅዳሉ። የአንቺ ይፈቅድ እንደሆነ እዪ፣ ሲፈቅድም አዳት አውቶቹን በቡድኑ ውስጥ እንደሚጨምር አረጋግጪ። አናሎጉን ብቻ የሚያስር ከሆነ ኖቡን ስትቀንሺ አሥሩ ይቀንሱና በአዳት የሚወጡት ሁለቱ የኋላ ጣሪያ ስፒከሮች እንደጮኹ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ባለ ብዙ ቻናል ሞኒተር ኮንትሮለር መግዛት ነው። ሁሉን ነገር ይፈታል፤ ኪስም ይፈታል።

ሦስተኛው በሬንደረሩ ወይም በሴሽኑ ማብቂያ ላይ በሶፍትዌር መቀነስ ነው። የድምፅ ጥራት ይጎዳል የሚሉ አሉ፣ በዛሬው ባለ 24 ቢት መቀየሪያ የሚሰማ ጉዳት የለውም። አደጋው ሌላ ነው፦ በሶፍትዌሩ የማያልፍ ድምፅ ሁሉ ሳይቀነስ ይወጣል። ኮምፒውተሩ «መልእክት መጣ» ብሎ ሲያንቋርር ሙሉ ኃይሉን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሲስተሙን ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ስፒከር አዙሪው። ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ አንድ ቁልፍም እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። አሥራ አንድ ስፒከር በአንዴ ሲጮህ ቁልፍ ፍለጋ አይጀመርም።

ሌላ የማይነገር ነገር፦ አዲሱና አሮጌው ዕቃ በእኩል ጉልበት አያወጡም። የአንዱ ከፍተኛ +20 ዲቢዩ ሆኖ የሌላው +16 ቢሆን አንድ ዓይነት ምልክት ልከሽ የ4 ዲቢ ልዩነት ይመጣል። መመሪያው ላይ ተጽፏል። በኋላ ስንለካ ስለምናስተካክለው አሁን አትጨነቂ፣ እንዳለ ብቻ እወቂ።


አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፤ 5.1 ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል?


ሽቦ_ጠምዛዥ

አያስፈልግም። ስድስት አናሎግ አውትፑት ያለው ኢንተርፌስ ይበቃሃል። አንድ ክሎክ፣ አንድ ዕቃ። ስለ ቻናል ቅደም ተከተልና ስለ ሰብዉፈር ከታች የሚመጣው ግን ለአንተም ነው።


ሞገድ_ቆጣሪ

ስፒከር ከመስቀልሽ በፊት ክር ያዢ። ቀልዴን አይደለም። አንድ ክር 1.5 ሜትር አድርገሽ ቁረጪና አንዱን ጫፍ ጭንቅላትሽ የሚሆንበት ቦታ በቆመ የማይክ ዘንግ ላይ እሰሪው። መሬቱ ላይ በዚያ ክር ክብ ብታሰምሪ ሰባቱ ስፒከሮች የሚቆሙት ያ ክብ ላይ ነው፤ መሀለኛው ልክ ፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ፣ የጎኖቹ 90 አካባቢ፣ የኋላዎቹ ከ135 እስከ 150 ባለው ውስጥ። በ5.1 ቢሆን ኖሮ የዓለም አቀፉ ቴሌኮም ኅብረት ምክረ ሐሳብ፣ ቢኤስ.775 የሚባለው፣ ሁለቱን ሳራውንድ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያደርጋቸዋል። 5.1ን ወደ 7.1 ሲያሳድጉ ሳራውንዶቹን እዚያው ትቶ ሁለት ከኋላ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው፤ የጎኖቹ ወደ ፊት መምጣት አለባቸው።

ክፍልሽ ጠባብ ስለሆነ የጎን ስፒከሮቹ ግድግዳ ሊነኩ ይደርሳሉ። ከመሀል ወደ ግድግዳ 1.7 ሜትር ነው ያለሽ። ይሁን፣ ይገባል።

የምትቀመጪበት ቦታ የርዝመቱ እኩሌታ፣ 2.1 ሜትር ላይ፣ እንዳይሆን። የ4.2 ሜትር ርዝመት የመጀመሪያ ሬዞናንስ 41 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ልክ መሀል ላይ ያ ኖታ ይጠፋል። ከፊት ግድግዳ 1.8 ሜትር ያህል ላይ ተቀመጪ። በወርዱ በኩል ግን ማምለጫ የለሽም፤ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን መሀል ላይ መሆን አለብሽ፣ መሀል ላይ ከሆንሽ ደግሞ 50 ሄርዝ አካባቢ ጉድጓድ፣ ማለትም ባሱ የሚጠፋበት ቦታ፣ ሊጠብቅሽ ይችላል። ለሰብዉፈሩ ቦታ ስንመርጥ እንመለስበታለን።

ወደ ጣሪያው። ጆሮሽ ከመሬት 1.2 ሜትር ላይ ነው እንበል። ስፒከሩ ከነማንጠልጠያው 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ስለሚወርድ 2.4 ላይ ይሆናል። ከጆሮሽ 1.2 ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። ከጎን ሲታይ 45 ዲግሪ እንዲመጣ ከጭንቅላትሽ 1.2 ሜትር ወደ ፊት፣ ለኋላዎቹም 1.2 ወደ ኋላ ስቀያቸው። በግራና ቀኝ በኩል ከፊት ስፒከሮችሽ ጋር መስመር ይግጠሙ፤ ይኸውም ከመሀል 75 ሳንቲ ሜትር። እንዲህ ሲሆን ከጆሮሽ እስከ ስፒከሩ ያለው ርቀት ወደ 1.85 ሜትር ይመጣል፤ ከክቡ በ35 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። አንድ ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፣ በ48 ኪሎ ሄርዝ 50 ሳምፕል ገደማ። ስለዚህ የሚዘገዩት የታችኞቹ ሰባቱ ናቸው፣ የላይኞቹ አይነኩም። ብዙ ሰው ገልብጦ ያደርገዋል። የላይኞቹ ድምፅም በርቀቱ ምክንያት ወደ 2 ዲቢ ያንሳል።

አሰቃቀሉን በተመለከተ፦ የምትበሺው ጂፕሰም ከሆነ አይዝም፤ ከበስተኋላው እንጨት ወይም ኮንክሪት ፈልጊ። ከማንጠልጠያው ሌላ እያንዳንዱ ስፒከር የብረት መጠባበቂያ ገመድ ይኑረው። ከራስሽ በላይ ነው የሚሰቀለው።


የሌሊት_ሚክሰር

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ምክንያቱ አንገቴ ነው። ጣሪያ ቀና ብሎ እያዩ ብሎን ማጥበቅ የሰው ሥራ አይደለም።

ሁሉም ተሰቀለ፣ ሁሉም ተሰካ። 1 ግራ፣ 2 መሀል፣ 3 ቀኝ፣ 4ና 5 የጎኖቹ፣ 6ና 7 የኋላዎቹ፣ 8 ሰብዉፈር፣ 9ና 10 የፊት ጣሪያ፣ የኋላ ጣሪያዎቹ በአሮጌው ዕቃ 1ና 2። በሥርዓት ነው የሰካሁት፣ በወረቀት ጽፌ።

ከዚያ በደንብ የማውቀውን አንድ የአትሞስ ሚክስ ከፈትኩ። ዘፋኟ ቀኝ ስፒከር ውስጥ ገብታ ቁጭ ብላለች። ከቀኝ መምጣት ያለበት ጊታር ፊት ለፊቴ መሀል ላይ ነው። በግራ ጎኔ ያለው ትንሽ ስፒከር ኮኑ ይርገበገባል እንጂ ድምፅ የለውም፤ እጄን ብጠጋው ንፋስ ይተፋል። ሰብዉፈሩ ደግሞ የጭብጨባ ቁራጭ ያጉረመርማል። አንዱ ዕቃ ተቃጥሎ ይሆን?


ባለ_ሜትር

ምንም አልተቃጠለም። ግን በግራ ጎን ያለውን ስፒከር አሁኑኑ ዝም አሰኚው፣ በዚያው ከቀጠለ ይቃጠላል።

የሰካሽው በፊልም ቅደም ተከተል ነው፦ ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ፣ ጎኖች፣ ኋላዎች፣ ኤልኤፍኢ (ለባስ ብቻ የተለየው ቻናል)። ሴሽንሽ የሚልከው ደግሞ በሌላው ቅደም ተከተል ነው፦ ግራ፣ ቀኝ፣ መሀል፣ ኤልኤፍኢ፣ ከዚያ ጎኖች፣ ከዚያ ኋላዎች። እስቲ በወረቀትሽ ላይ አስተያዪው። የሴሽኑ 2 ቀኝ ነው፤ ያንቺ 2 መሀል ስለሆነ ጊታሩ መሀል ገባ። የሴሽኑ 3 መሀል ነው፤ ያንቺ 3 ቀኝ ስለሆነ ዘፋኟ እዚያ ሄደች። የሴሽኑ 4 ኤልኤፍኢ ነው፤ ያንቺ 4 የግራ ጎን ስለሆነ ያ ምስኪን ስፒከር ከአቅሙ በላይ የሆነ ባስ ሲገፋ ዋለ። 8 ላይ የቀኝ ኋላ ይወጣል፤ እሱ ነው ሰብዉፈሩ ውስጥ ገብቶ የሚያጨበጭበው።

ገመድ አትንቀዪ። በኢንተርፌሱ ሶፍትዌር ወይም በሬንደረሩ የሩቲንግ ገጽ ላይ አዛውሪውና አስቀምጪው። ሦስተኛም ቅደም ተከተል አለ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ሁለቱ ሳራውንድ፣ መሀል፣ ኤልኤፍኢ የሚል። ሰው የላከልሽ ባለ ብዙ ቻናል ፋይል በዚያም ሊመጣ ይችላል።

መፈተሻሽንም ራስሽ ሥሪ። ማይክ ከፍተሽ በራስሽ ድምፅ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «መሀል»፣ «የግራ ጎን» እያልሽ ቅጂና እያንዳንዱን በየራሱ ቻናል አስቀምጪው። ኤልኤፍኢ ላይ ንግግር አታድርጊ፣ የ40 ሄርዝ ቶን ይበቃል። እኔ ሴሽን ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ አጫውተዋለሁ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።


ጆሮ_ዳባ

ሄድፎን ላይ ዘፋኟ ቀኝ ጆሮ ውስጥ ገብታ አታውቅም። እንዲሁ ለማለት ያህል።


የሌሊት_ሚክሰር

@ጆሮ_ዳባ ሄድፎንህን ገልብጠህ አድርገህ አታውቅም ማለት ነው 😄

ተስተካከለ! «የግራ ኋላ» ያልኩት ድምፄ በእርግጥም ከግራ ኋላ ሲጠራኝ ዞር ብዬ አየሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰብዉፈሩ አንዴ የለም አንዴ ቤት ያፈርሳል፤ ልኩን ማግኘት አልቻልኩም። ሌላው፣ የኋላ ጣሪያዎቹ ለየብቻ ሲጫወቱ ጥሩ ናቸው፣ አንድ ድምፅ በሁለቱ መሀል ሳደርገው ግን ይቀጥናል። ከላይ መሀል ላይ መቆም ሲገባው ወደ ግድግዳዎቹ ይበተናል።


ባለ_ሜትር

ከሰብዉፈሩ እንጀምር፤ ይሄ ላይ ባለሙያውም ይሳሳታል።

ኤልኤፍኢ ቻናል ነው። ሰብዉፈር ስፒከር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሰብዉፈርሽ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል፦ ኤልኤፍኢ ላይ የተጻፈውን ያጫውታል፤ ትንንሾቹ ስፒከሮች የማይችሉትን ባስ ደግሞ ይቀበላቸዋል። ሁለተኛው ባስ ማኔጅመንት ይባላል። ከ11ዱ ቻናሎች 80 ሄርዝ አካባቢ ካለው መስመር በታች ያለው ተቆርጦ ወደ ሰብዉፈሩ ይዛወራል። ከሰብዉፈሩ ጀርባ ያለችው የማጣሪያ ኖብ ለዚህ አትሆንም፤ ለስቴሪዮ የተሠራች ናት። በኢንተርፌሱ ሶፍትዌር ውስጥ ወይም በካሊብሬሽን ፕሮግራም ነው የሚደረገው። የሰብዉፈሩን የራሱን ማጣሪያ ዝጊው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከየስፒከሩ በ−20 ዲቢኤፍኤስ (ከዲጂታሉ ከፍተኛ በ20 ዲቢ ዝቅ ብሎ) ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን የመፈተሻ ሹክታ እየላክሽ በድምፅ ሜትር ትለኪያለሽ፤ ሜትሩን ሲ ዌይቲንግና ስሎው ላይ አድርጊው። ትልቅ የፊልም አዳራሽ በ85 ዲቢ ይሠራል፤ ባንቺ ክፍል ግን ጆሮ ያደክማል፣ 79 ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ በይ። አስራ አንዱም አንድ ቁጥር ላይ ይምጡ። የአሮጌው ዕቃ ጉልበት ልዩነትና የርቀቱ 2 ዲቢ እዚህ ጋ ይስተካከላሉ።

ኤልኤፍኢ ብቻ 10 ዲቢ ይጨመርለታል። ይሄ 10 ዲቢ በሜትሩ ላይ 10 ሆኖ አይታይም፣ ምክንያቱም ኤልኤፍኢ የሚሸፍነው ጠባብ የባስ ክፍል ብቻ ነው፣ የሌሎቹ ኖይዝ ግን ሙሉውን ይሸፍናል። ሜትሩ 89 እስኪል ከገፋሽው ቤት ያፈርሳል፤ ያንቺም እሱ ይመስለኛል። በአር ኢ ደብሊው ወይም በሌላ አናላይዘር ከፍተሽ በባሱ ክልል የኤልኤፍኢው መስመር ከመሀለኛው ስፒከር መስመር 10 ዲቢ ከፍ ብሎ እንዲቆም አድርጊ። ከትንንሾቹ የተዛወረው ባስ ግን ይሄን 10 አያገኝም። ለሁለቱም ከጨመርሽ ሚክሱ ሁሉ ያብጣል፣ አንቺም ሳታውቂ ባሱን ትቀንሻለሽ፣ ደንበኛው ቤት ሲደርስ ቀጭን ይሆናል።

በነገራችን ላይ ኪኩን (የትልቁን ከበሮ ምት) ኤልኤፍኢ ላይ ብቻ አታስቀምጪ። ወደ ስቴሪዮ ሲታጠፍ ኤልኤፍኢ ብዙውን ጊዜ ይጣላል።

የመለኪያ ማይክሽን ወደ ጣሪያ አቁሚው፣ የ90 ዲግሪውን የካሊብሬሽን ፋይል ጫኚ። አሥራ አንድ ስፒከር በየአቅጣጫው ስላለ ለአንዱ ፊቱን ሰጥቶ ለሌላው ጀርባውን ማዞር የለበትም።


ሞገድ_ቆጣሪ

የሰብዉፈሩን ቦታ በተመለከተ፦ ሰብዉፈሩን አንስተሽ ወንበርሽ ላይ አስቀምጪው። የመለኪያ ማይኩን በፊት ግድግዳ ሥር መሬት ለመሬት እያንፏቀቅሽ ለኪ። ጉድጓዱ የሚሞላበትን ነጥብ ስታገኚ ሰብዉፈሩን እዚያ፣ ማይኩን ወንበሩ ላይ። ቦታ መለወጥ የሚፈታውን በኢኪው (የባስና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ለመሙላት አትሞክሪ፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚጨመር ኃይል ሰብዉፈሩን ያደክማል እንጂ አይሰማም።


ሽቦ_ጠምዛዥ

የመቅጠኑ ነገር ለእኔ ይተውልኝ። ለየብቻ ጥሩ፣ አብረው ሲሆኑ ቀጭን፣ መሀሉ የሚጠፋ… ይሄ የተገለበጠ ፖላሪቲ ነው። አንዱ ኮን ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል። ወደ ኋላ ጣሪያዎቹ የሚሄዱት ገመዶች የተገዙ ናቸው የተሠሩ?


የሌሊት_ሚክሰር

… የተሠሩ ናቸው። እኔው ነኝ የበየድኳቸው። ርዝመት አልበቃ ብሎኝ።


ሽቦ_ጠምዛዥ

ፍቺው። በኤክስኤልአር መሰኪያው በኩል ፒን 2ና 3ን እዪ።


የሌሊት_ሚክሰር

ፈታሁት። በአንዱ ገመድ ቀይና ጥቁሩ ተቀያይረዋል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በአጉሊ መነፅር፣ የራሴን ብየዳ እያየሁ አፈርኩ። ከማስተካከሌ በፊት ለማረጋገጥ ለካሁት፤ የሌሎቹ ኢምፐልስ (አጭሩ የመለኪያ ምት) ወደ ላይ ሲዘል የሱ ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። በየድኩት፣ ኖይዙን በሁለቱ መሀል አደረግኩት፣ ከራሴ በላይ ትንሽ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ እንደ ኳስ ቆመ። ደግሜ ደጋግሜ ከግራ ወደ ቀኝ አንከባለልኩት።

ሌላም ነገር አገኘሁ። የኋላ ጣሪያዎቹ ከፊተኞቹ በ30 ሳምፕል ያህል ይዘገያሉ፣ ርቀታቸው ግን አንድ ነው። የአዳቱ መንገድ ይሆን?


ሞገድ_ቆጣሪ

እሱ ነው። በኦፕቲካሉ አልፎ በሌላ መቀየሪያ ስለሚወጣ ይዘገያል። ክሎኩ አንድ ስለሆነ ግን ዛሬም ነገም ያው ነው፤ ለሌሎቹ አሥሩ አውትፑቶች ያንን ያህል ዲሌይ ጨምሪና እርሺው። በአግሪጌት ቢሆን ኖሮ ይሄን ቁጥር በየቀኑ ትፈልጊው ነበር።


የሌሊት_ሚክሰር

ጨመርኩ። ሰብዉፈሩንም በጋሼ ዘዴ ከማእዘኑ ወደ መሀል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አንቀሳቀስኩት፤ 50 ሄርዝ አካባቢ የነበረው ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አብዛኛው ሞላ። የመጀመሪያውን ዘፈን ሚክስ አድርጌ −18 ኤልኬኤፍኤስ (የአጠቃላይ ድምፅ ከፍታ መለኪያ) ላይ ቆሜያለሁ፣ ትሩ ፒኩም፣ ማለትም የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ፣ ከ−1 በታች ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ደንበኛው ሁለት ዘፈኖችን በ96 ኪሎ ሄርዝ ልኮልኛል። አዳት በ96 ይቀንሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ወደ 48 ላውርዳቸው ወይስ እንዳሉ ልሥራ?


ሞገድ_ቆጣሪ

በ96 አንዱ የአዳት ገመድ ከስምንት ቻናል ወደ አራት ይወርዳል፤ ኤስመክስ የሚባለው ነው። አንቺ ከአሮጌው ዕቃ ለስፒከር የምትፈልጊው ሁለት ብቻ ስለሆነ ይበቃሻል። አሥሩ ከአዲሱ፣ ሁለቱ በአዳት። ባይኖራሉን ከ7–8 አንስተሽ ወደ 3–4 አዛውሪው፣ በ96 የ7–8 ቻናል የለምና፤ የአሮጌው ሄድፎን ቀዳዳ 3–4ን መስማት ይችል እንደሆነም ሩቲንጉን እዪ። 9.1.6 ቢሆን ኖሮ 16 ስለሚፈልግ አይበቃሽም ነበር።

አሮጌው ኤስመክስን የሚያውቅ መሆኑን መመሪያው ላይ አረጋግጪ። ካወቀ ሴሽኑን ከመክፈትሽ በፊት ሁሉንም ስፒከር ዝም አሰኝተሽ ቀይሪ፤ አረንጓዴዋ መብራት እስክትቆም ድረስ ቮሊዩሙን አትንኪ። ያስገባሽው የሳምፕል ዲሌይም በ96 እጥፍ ይሁን፤ የተጻፈው በሚሊሴኮንድ ከሆነ ርቀቱ ያው ነው፣ የመቀየሪያውን መዘግየት ግን እንደገና ለኪው።


የሌሊት_ሚክሰር

አሁን ሳየው በሳምፕል ነው የጻፍኩት። እሺ፣ ልለውጠው።